«ፊትና ጀርባ ይሁን?»

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ የትኛውም ኮፒ ቤት ግቡና ፋይላችሁን ስጡ። መጀመሪያ የምትጠየቁት «በምን ልቀበልዎት? በቴሌግራም ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ኮፒ?» ነው። ሦስተኛው ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ እምቢ እንድትሉ በሚለምን ድምፅ የሚመጣ ነው፦ «ፊትና ጀርባ ይሁን ወይስ በአንድ ገጽ?»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። ይህን ቻናል ለወቅታዊ ጉዳይ የምትከታተሉ ሰዎች «ፕሪንተር ደግሞ ምን ወቅታዊ ጉዳይ አለው?» ማለታችሁ አይቀርም። እስቲ ታገሱኝ፤ የኑሮ ውድነቱም፣ ትምህርቱም፣ የመንግሥት ግዥውም እዚያች ሳጥን ውስጥ ተጠቅልለው አሉ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል መጽሐፎቹ ከተማሪው ዘግይተው እንደነበር ወላጅ የሆነ ሁሉ ያስታውሳል። መጽሐፍ የደረሰን በወረቀት ሳይሆን በፒዲኤፍ ነበር። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከወላጆች ግሩፕ ወደ ወላጆች ግሩፕ እየዞረ። ፋይል በነፃ ይመጣል፤ መጽሐፍ የሚሆነው ግን ኮፒ ቤት ሲገባ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይወስን፣ ማንም መመሪያ ሳያወጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ማተም ሥራ በከፊል ወደ ሠፈር ኮፒ ቤቶች ወረደ። ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ወላጅ ሆነ።

ሒሳቡን በኪሎ ላሳያችሁ። «80 ግራም» የሚባለው የፕሪንተር ወረቀት ስሙን ያገኘው ከአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር 16 ኤ4 ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ሉክ 5 ግራም ነው። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በአንድ ገጽ ብቻ ከታተመ 300 ሉክ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። ውፍረቱም ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ፊትና ጀርባ ከሆነ 150 ሉክ፣ 750 ግራም። አሁን ይህንን በትምህርት ዓይነቶች ቁጥር አባዙትና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቃሊቲን መንገድ ለመሻገር የምትጠብቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጀርባ ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱም ቶነሩም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእያንዳንዱ ሉክ ዋጋ ለማንም የተደበቀ አይደለም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ፊትና ጀርባ አያሳትምም?

ሠፈራችን ያሉት አብዛኞቹ ትናንሽ ፕሪንተሮች ወረቀት መገልበጥ ስለማይችሉ ነው። የሚገለብጠው ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ገጾች ብቻ (1፣ 3፣ 5 እያለ) ይታተማሉ። ከዚያ ክምሩ ይነሳል፣ ይገለበጣል፣ ወደ ትሬዩ ይመለሳል፤ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 6 ይታተማሉ። ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ ሁለተኛው ዙር ላይ ማሽኑ አንዴ ብቻ ሁለት ሉክ አጣብቆ ከሳበ የሚመጣው ነው። ከዚያች ሉክ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይሸሻል። የገጽ 61 ጀርባ ላይ መውጣት የነበረበት 62 ነው፤ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አንድም ትክክለኛ ሉክ አይኖርም። ማሽኑ ደግሞ ምንም አይጮህም። ለእሱ ሁሉም ሰላም ነው፤ ወረቀት ገባ፣ ወረቀት ወጣ።

የልጄ የባዮሎጂ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። የታወቀው ተጠርዞ፣ ፕላስቲክ ሽፋን ለብሶ፣ ሁለት ሳምንት ከተማረችበት በኋላ ነው። «አባዬ፣ ስለ ሴል እያነበብኩ ነበር፤ ስገልጠው ሌላ ምዕራፍ ሆነብኝ» አለችኝ። ልጅቷ መጀመሪያ የጠረጠረችው መጽሐፉን ሳይሆን ራሷን ነው፤ ያልገባት መስሏት ደጋግማ አንብባዋለች። እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ ሳይሆን ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ምዕራፉ 33 ገጽ ከሆነ ጎዶሎዎቹ 17 ናቸው፣ ተጋማሾቹ ግን 16። የመጨረሻው ሉክ ጀርባ የለውም። ክምሩ ከመጨረሻው ጀምሮ የሚገባበት ማሽን ከሆነና ያቺ የመጨረሻ ሉክ ካልወጣች፣ ገጽ 32 ሄዶ የ33 ጀርባ ላይ ይታተማል፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ሉክ ጀምሮ ተበላሸ ማለት ነው። ኮፒ ቤት የሚሠሩ ልጆች ይህንን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የተማሩት በኪሳራ ነው።

አሁን ወደሚገለብጠው ማሽን እንሂድ። ሆዱ ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ጊዜ መስጠት ያስደስታል።

ወረቀቱ ትሬይ ውስጥ ተኝቷል። የጎማ ሮለር አንድ ዙር ይዞርና የላይኛውን ሉክ ይስባል። ከሮለሩ ትይዩ ትንሽ መያዣ አለች፤ ሥራዋ ሁለተኛው ሉክ ተለጥፎ እንዳይከተል ይዞ ማስቀረት ነው። የልጄን መጽሐፍ ያበላሸው የዚህች መያዣ ማርጀት ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ወረቀቱ ጥንድ ሮለሮች ዘንድ ይደርስና ለቅጽበት ይቆማል። የፊት ጠርዙ ሮለሮቹን ተደግፎ ይቃናል፤ ተንጋዶ የመጣ እዚህ ይስተካከላል። ከዚያ በድራሙ በኩል አልፎ የቶነር ዱቄት ይቀበላል። ፊውዘሩ ጋ ሲደርስ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀትና ጫና ዱቄቱን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ያትመዋል።

እስከዚህ ድረስ ርካሹም ውዱም ሌዘር ፕሪንተር አንድ ነው። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። መውጫ ሮለሮቹ ወረቀቱን ወደ ውጭ ይገፉታል፤ አብዛኛው ወጥቶ፣ ልትቀበሉት እጃችሁን ስትዘረጉ፣ ቀጥ ይላል። የኋላ ጠርዙ ፊውዘሩን ማለፉን ሴንሰሩ አውቋል። ሮለሮቹ ጭራውን እንደነከሱ ወደ ኋላ መዞር ይጀምራሉ። ቃሊቲ ላይ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ወደ ግቢ በጀርባው ሲገባ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጭራ ቀድሞ ይገባል፣ ፊት ይከተላል። ወረቀቱ ግን በመጣበት አይመለስም። ሌላ መንገድ ተከፍቶለታል፤ በማሽኑ ጀርባ ወርዶ፣ ከሥር በጠባብ መተላለፊያ አልፎ፣ እንደገና እነዚያው አቃኚ ሮለሮች ዘንድ ይደርሳል። አሁን ወደ ድራሙ የዞረው ባዶው ፊት ነው።

አንድ የምትወዱት ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ማሽኖች መጀመሪያ የሚያትሙት ገጽ 1ን አይደለም፣ ገጽ 2ን ነው። ወረቀቱ በስተመጨረሻ ሲወጣ የመጨረሻው የታተመ ፊት ወደ ታች ስለሚተኛ፣ ገጽ 1 ከሥር እንዲሆንና ክምሩ በቅደም ተከተል እንዲደረደር ነው። ማሽኑ ግማሽ ወጥቶ ሲመለስ «ተበላሸ!» ብሎ ወረቀቱን የሚጎትት ደንበኛ አለ። አትጎትቱ። እየገለበጠ ነው።

ይህ የጠፈር ቴክኖሎጂ አይደለም። ኤችፒ ሌዘርጄት 2ዲ የተባለውን የጠረጴዛ ፕሪንተር ሲያወጣ ዓመቱ 1988 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እኛ ጋ ገና ደርግ ነው። «ዲ»ዋ ዱፕሌክስ ማለት ናት፣ ሁለት ፊት። ዛሬም በብዙ ፕሪንተሮች ስም መጨረሻ ላይ «ዲኤን» ወይም «ዲደብሊው» የሚል ፊደል ካያችሁ ያቺ ዲ ማሽኑ ራሱ እንደሚገለብጥ ትነግራችኋለች። በገበያ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለዚያች አንዲት ፊደል የሚከፈል ይመስላል። የሚከፈለው ግን ለተጨማሪው መንገድ፣ ወደ ኋላ ለሚዞረው ሮለርና ለሴንሰሩ ነው።

ዋናው ነጥቤም ይኸው ነው። ሰዎች ይህንን ነገር የወረቀት መቆጠቢያ አድርገው ብቻ ያዩታል። ትልቁ ጥቅሙ ስህተትን ባለበት ማስቆሙ ነው። ማሽኑ ሲገለብጥ የገጽ 61 ጀርባ 62 የሚሆነው በክምር ቅደም ተከተል አይደለም፤ ያው ሉክ ሁለቱንም ፊቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለት ሉክ ተጣብቆ ቢሳብ ወይም ጃም ቢያደርግ የሚበላሸው አንድ ወይም ሁለት ሉክ ነው፤ ቀሪው መጽሐፍ ደህና ነው። በእጅ ሲገለበጥ ግን አንዲት ስህተት ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች።

«ታዲያ ለምን አትገዢም?» ብዬ አንዷን ባለ ኮፒ ቤት ጠየቅኳት። ወጣት ናት፤ ሁለት ሠራተኛ ይዛ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ያ ትልቁ ማሽን ይችላል እኮ» አለችኝ በአገጯ ወደ ጥግ እያሳየች፤ ከቢሮ ወጥቶ የተሸጠ አሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። «እኔ ነኝ የማልፈቅድለት።»

ምክንያቷን ሳዳምጥ ለመከራከር አልቻልኩም። ሁለተኛው ፊት ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቂጣ የጋገረ ሰው ያውቃል፤ የሚያስቸግረው ማፍሰሱ ሳይሆን መገልበጡ ነው። ወረቀት ሲመረት አምስት በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ነው የሚታሸገው። ፊውዘሩ ውስጥ አንዴ ሲያልፍ ይደርቃል፣ ትንሽ ይሸማቀቃል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። የሚመለሰው ወረቀት እንግዲህ የሄደው ወረቀት አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ ፓኬቱ ተከፍቶ ያደረ ወረቀት እርጥበት ስቦ ስለሚለሰልስ መጠቅለሉ ይብሳል። በጋ ላይ አቧራው አለ። የቃሊቲ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ በሩን ከፍቶ የሚሠራ ኮፒ ቤት ቀኑን ሙሉ ያንን አቧራ ይቀበላል። አቧራ የጎማ ሮለሩን ሲያለብሰው ጎማው መንከሱን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። አንድ ሉክ ሁለት ጊዜ በሚጓዝበት ማሽን ውስጥ የመንሸራተት ዕድሉም እጥፍ ነው።

ቶነሩም አለ። ካርትሬጅ በየጊዜው ይሞላል፤ የሚሞላው ዱቄት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለተኛው ፊት ሲታተም የመጀመሪያው ፊት እንደገና ፊውዘር ውስጥ ያልፋል፤ ዱቄቱ ደካማ ከሆነ ዳግም ለስልሶ ሮለሩ ላይ ይለጠፍና ተከታዩ ሉክ ላይ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ያ ግራጫ ቁሻሻ ከየት እንደመጣ ደንበኛው አያውቅም፤ «ማሽንሽ ቆሻሻ ነው» ብሎ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋማ አታንሱት። ወረቀቱ ከሥር ባለው ጠባብ መንገድ መሀል ላይ ቀርቷል፤ መብራቱ ሲመጣ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ትሬዩን አውጥቶ፣ የተጨማደደውን ሳይቀደድ መሳብ ነው። ቁራጭ ከቀረ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

«አንድ ጃም ለማውጣት ስቆም አሥር ሰው ተሰልፎ ያየኛል» አለችኝ። ፊትና ጀርባ ለሚያሳትም ትንሽ ትቀንስለታለች፤ ብዙ ግን መቀነስ አትችልም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ እንጂ ቶነሩ በግማሽ አይሄድም። የገጹ ቁጥር ያው ነው። ደንበኛው «ወረቀቱ በግማሽ ቀነሰ፣ ዋጋውስ?» ይላታል። እሷም እውነት አላት፣ እሱም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ማሽኑ ሳይሆን እኛ ነን። ለቢሮ የሚገባ ሰነድ በአንድ ገጽ ብቻ እንዲሆን የለመደ አገር ነው ያለን። ማመልከቻው በአንድ ገጽ፣ ሲቪው በአንድ ገጽ፣ የጨረታ ሰነዱ በአንድ ገጽ። የሁሉም ቁንጮ መታወቂያ ነው። መታወቂያ በተፈጥሮው ሁለት ፊት አለው፤ እኛ ግን ፊቱንም ጀርባውንም በአንድ ሉክ አንድ ገጽ ላይ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርገን እናሳትመዋለን፤ የሉኩ ጀርባ ባዶውን ይቀራል። ሁለት ፊት ያለውን ነገር ወደ አንድ ፊት ለማምጣት ስንጥር የተካንን ነን።

ለልማዱ ምክንያት የለውም ማለቴ አይደለም። የማኅተም ቀለም ወደ ኋላ ይሰርጋል። ወረቀት አንድ በአንድ በሚስብ ስካነር የሚያስገባ ሠራተኛ ማሽኑ አንድ ፊት ብቻ የሚያነብ ከሆነ ጀርባው ሳይታይ ይቀራል፤ የውል ግማሽ መጥፋት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግን ይህ ምክንያት የሚሠራው ለውል ነው። ለስብሰባ አጀንዳ፣ ለሥልጠና ማስታወሻ፣ ለሪፖርት ረቂቅ አይሠራም። የሚያስቀው ደግሞ እነዚያው ቢሮዎች ወረቀት ሲያልቅባቸው የተጣለውን ሰነድ አንስተው «ጀርባው ንጹህ ነው» ብለው ትሬይ ውስጥ መክተታቸው ነው። ይህ ቁጠባ መስሎ ማሽን መግደል ነው። የታጠፈ፣ የተጠቀለለ፣ አንዳንዴም የስቴፕለር ሽቦ የቀረበት ወረቀት ነው፤ ያቺ ሽቦ አንድ ጊዜ ፊውዘር ውስጥ ካለፈች የሙቀት ሽፋኑን ትሰነጥቀዋለች። ትናንት በትክክል ፊትና ጀርባ ቢታተም ኖሮ ዛሬ የሚለቀም ጀርባ አይኖርም ነበር።

ሁለት ፊት መጻፍ ለዚህ አገር እንግዳ ቢሆን አልገረምም ነበር። ግን የብራና መጻሕፍታችን በሙሉ ፊትና ጀርባ ናቸው። ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይወጋል፤ ቀዳዳው ከወዲህም ከወዲያም ይታያል። መስመሩን የሚያሰምረው በቀለም ሳይሆን ቆዳውን ተጭኖ ነው፤ በአንዱ ፊት የጎደጎደው በሌላው ፊት ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የፊቱም የጀርባውም ጽሑፍ አንድ መስመር ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ሁለቱ አቃኚ ሮለሮች የሚደክሙለት ነገር ይኸው ነው። በስስ ወረቀት ላይ የታተመ ፊትና ጀርባ መስመሩ ካልገጠመ የኋላው ጽሑፍ በፊተኛው መስመሮች መሀል እየታየ ዓይን ያደክማል። ብራና የጻፉት አባቶች ቆዳ ውድ ስለነበረ አንድም ፊት አያባክኑም ነበር። የእኛ ወረቀት በዶላር እየገባ ግማሹ ባዶ ይጣላል።

ወደ መንግሥት ግዥ ልምጣ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚያ ይመስለኛል። የግዥ መጠየቂያ ላይ «ሌዘር ፕሪንተር፣ ጥቁርና ነጭ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚያሸንፈው ርካሹ ነው፤ ርካሹ ደግሞ አይገለብጥም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየወሩ ለወረቀት የሚወጣው ገንዘብ ከሌላ መደብ ስለሚከፈል ማንም ከማሽኑ ዋጋ ጋር አያነጻጽረውም። «ራሱ የሚገለብጥ» የሚል ሁለት ቃል መጨመር የሚጠይቀው ብዕር ብቻ ነው።

ለትምህርት ቤትማ ሒሳቡ ከዚህም ግልጽ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪ አለ እንበል፤ የ30 ገጽ ምዕራፍ ይታተምላቸው። 1,500 ገጽ ነው። በአንድ ፊት ከሆነ ሦስት ሙሉ ፓኬት ወረቀት፤ በሁለት ፊት አንድ ተኩል። መጽሐፍን በፋይል መላክ የሚቀጥል ከሆነ፣ እንደሚቀጥልም እገምታለሁ፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ የሚገለብጥ ማሽን፣ ትርፍ የጎማ ሮለርና ማሽኑን የሚያጸዳ ሰው ማስቀመጥ የመጽሐፍ ሥርጭቱ አካል ነው። አሁን ያንን ድርሻ የተሸከሙት ሁለት ሠራተኛ ያላት ልጅና እሷ ዘንድ የተሰለፉ ወላጆች ናቸው። የተሻለ አቅም ያለው ወላጅ መሀል ከተማ ሄዶ በትልቅ ማሽን ያሳትማል፤ አቅም የሌለው ምዕራፍ እየቆረጠ፣ አንዳንዱም ስልክ ላይ እያነበበ ይቀጥላል።

ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ሳምንት ለልጃችሁ የምታሳትሙ ካላችሁ የባለ ኮፒ ቤቷን ዘዴ ላካፍላችሁ። ሙሉውን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ በእጅ እንዲገለበጥ አትፍቀዱ፤ 20 ሉክ፣ 20 ሉክ እየተደረገ ይሠራ፤ ቢሳሳት እንኳ የሚበላሸው 20 ነው። ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት ጠርዙ ተይዞ እንደ ማራገቢያ ይርገብገብ፣ አየር ሲገባበት አይጣበቅም። ፓኬቱ ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ መጀመሪያ የሚታተመውን ፊት ነው የሚያሳየው። ማሽኑ ራሱ የሚገለብጥ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ «ሎንግ ኤጅ» የሚለው መመረጡን እዩ፣ አለበለዚያ ጀርባው ሁሉ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ከመጠረዙ በፊት ከመሀል ሦስት አራት ቦታ ገልጣችሁ የገጽ ቁጥሩን ተመልከቱ። ምዕራፉ በጎዶሎ ገጽ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ክምሩ ለሁለተኛው ዙር ከመመለሱ በፊት የመጨረሻዋን ሉክ አውጥታችሁ ለብቻዋ አስቀምጧት።